ሥዕሉ ይነሳ

ጥቅምት 12

ጋሼ፣

በሩን ስከፍት መፋቂያው የአያትዎ ጉልበት ላይ ደርሶ ነበር።

ሰላምታውን ዘልዬ በዚህ የጀመርኩት ስድ ሆኜ አይደለም፤ እጄ ሌላ ቃል አልጽፍ ስላለኝ ነው። ሰላምታው ይኸው። እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ናቸው? ፈጣሪ በሄዱበት ሁሉ ይከተልዎት። እኛ ደህና ነን፤ ደህንነት በእግር መቆም ከሆነ ማለቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት የአዳራሹን በሮች የሚጠግነው አናጢ ዘንድ ነበርኩ። ወደ ባቡር ጣቢያው ስመለስ በተጓዦች ማረፊያው መስኮቶች ነጭ አቧራ ይወጣል። ልስን ማቡካት የጀመሩ መስሎኝ «ሳልፈቅድ ማን ጀምሩ አላቸው?» ብዬ ተናደድኩ። ያ ንዴት አሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀናኛል። እንዴት ያለች ትንሽዬ ንዴት ነበረች!

መሰላሉ ትልቁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የእድሳቱን ሥራ በስምዎ ሲወስዱ የመረጡት ፎርማን፣ ሠራተኛው ሁሉ «ቶሎቶሎ» የሚለው፣ ከመሰላሉ ሥር ተንበርክኮ ይፍቃል። ግድግዳው ከጣሪያው እስከ ወገቤ ድረስ ራቁቱን ነው፤ ድንጋዩ ይታያል። ሥዕሉ ላይ ባቡር ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ራስ የላቸውም። ሻንጣው ላይ ያንቀላፋው ወታደር ቦት ጫማ ብቻ ሆኗል። መነጽሩን ይወለውል የነበረው ጸሐፊ የሱሪ ጫፍ ሆኗል። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሸው ሴትዮ፣ የእርስዎ አያት፣ የኔ ቅድመ አያት፣ ከጉልበቷ በላይ የለችም።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ቶሎቶሎ ደንግጦ ዞረ። ሲዞር መፋቂያው ጠርዙን ነካው፤ ጉልበቷም እግሯም አንድ ላይ ተገንድሶ ወረደ። ወለሉ ላይ ያወለቀቻት ጫማ ብቻ ቀርታ ነበር። እሷም ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይነካት፣ በራሷ ጊዜ ወደቀች።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«አጎትሽ ናቸዋ!»

«ምን ብለው?»

«ሥዕሉ ይነሳ አሉኝ። አነሳሁት።»

ጋሼ፣ የነገርኩዎትን ያስታውሱ። ትናንት በስልክ «ሥዕሉ ሳይነሳ ማንም መዶሻ እንዳያነሳ፤ ፎቶ አንሺዋ ዓርብ ትመጣለች» ብዬዎት ነበር። አንድ በአንድ በፎቶ ከተነሳ በኋላ ከድንጋዩ የለቀቀውን ልስን በመርፌ ኖራ እየሰጠሁ ላጣብቀው ነበር። የተማርኩት እሱን ነው። እርስዎም «ገባኝ ምላጬ፣ ለፎርማኑ እኔ እነግረዋለሁ» አሉኝ። እንደነገሩትም ሰማሁ። «ሁሉም ይነሳ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው» ይላል ቶሎቶሎ። «ሁሉም፣ አንድም እንዳይቀር አሉኝና ስልኩ ተዘጋ።»

መካከል ላይ «ፎቶ» የምትለዋን ቃል ማን በላት?

አያትዎ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ባሏ፣ የጣቢያውን ሰሌዳዎች ይጽፉ የነበሩት ቅድመ አያቴ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ባይሥሏት ኖሮ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር። አሁን የሚያውቅ የለም።

እርስዎም አዝነው ይሆናል፤ ስልክ ስላላነሱ አላወቅሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለጣቢያው አስተዳደር ትዕዛዙ ከማን እንደወጣና እንዴት እንደተጣመመ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። አፍ ይሳሳታል፤ ማንም ይረዳዋል። እኔም ከጎንዎ እቆማለሁ። ሥራው ላይ «የቦታው ኃላፊ» ተብሎ የተጻፈው ግን የኔ ስም ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። በዚህ ሙያ ስም አንዴ ከተፋቀ እንደ ግድግዳ መልሰው አይለስኑትም።

እትዬ አልሰማችም። «ሥዕሉ ታድሶ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ትለኛለች በየማለዳው። እህትዎ ናትና ምን እንደምመልስላት እርስዎ ይምከሩኝ።

ምላጭ

ኅዳር 25

ለምወድሽና ለምኮራብሽ ለምላጬ፣

ባሕር የማይከለክለው፣ ተራራ የማያግደው ሰላምታዬ ካለሽበት ይግባ። ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፤ እጅሽ የያዘውን ፈጣሪ ይባርከው። እኛ በሙሉ ጤና ነን፤ ከወገቤ በስተቀር። ሐኪሙ «ብዙ አትቀመጥ» አለኝ። የተቀመጥኩበትን ወንበር ስንቱ እንደሚመኘው ቢያውቅ እንዲህ አይልም ነበር።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሳልመልስ የቆየሁት በቸልተኝነት አይደለም፤ ልቤ ተሰብሮ ነው። አነበብኩት፣ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነበብኩት። ያ ሥዕል ለኔ ምን እንደነበረ ላንቺ አልነግርሽም። ትምህርት ቤት ስቀጣ እየሄድኩ ከሥሩ እቀመጥ ነበር።

ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አሁን የሚያስፈልገው እርጋታ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከተወለድሽ ጀምሮ ያልታደልሽው እሱን ነው። (በቀልድ ያዥልኝ።)

ስለ ስልኩ ጉዳይ እኔ የማስታውሰው ትንሽ ለየት ይላል። አንቺ «ሥዕሉ ይነሳ» አልሽኝ፤ እኔም እንዳልሽው አስተላለፍኩ። ቃሉ ያንቺ ነው፣ እኔ ፖስተኛ ነኝ። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። ፎርማኑንም ቢሆን ቀልጣፋ ነው ብለውኝ ነው ያመጣሁት፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የተባለው ለካ ስለሱ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ነገሩን ለማንም እንዳታነሺ። አስተዳደሩን ለኔ ተይው፤ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ እንዴት እንደሚያዙም አውቃለሁ። አንቺ የግድግዳውን ልክ ብቻ ላኪልኝ። ከሰው እጅ የሥዕሉ ፎቶ ካለም ሰብስቢ። ለእትዬ አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ፤ ልቧ ደካማ ነው። «ገና አላለቀም» በያት። ውሸት አይደለምና።

ከሩቅ ሆኖ የሚያስብልሽ፣
ጋሼሽ

ታኅሣሥ 9

ለጋሼ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ወገብዎ ተሽሎት ከሆነ ደስ ይለኛል።

ፖስተኛ ነኝ ብለዋል። ፖስተኛ ፖስታውን አይከፍትም፤ ከፍቶም ከውስጡ አንዷን ቃል ጥሎ አያሽገውም። እኔ «ፎቶ አንሺዋ ዓርብ ትመጣለች» ብዬዎት ነበር። እርስዎም «ለምን ዓርብ? ቀድማ አትመጣም?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህም ለየት ብሎ ነው የሚታወስዎት?

ወሬ ከፈለጉ ወሬ አለኝ። እኔ አስተዳደሩ ቢሮ ተጠርቼ ስጠብቅ ቶሎቶሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖት ጠበቀኝ። ያ ሕንፃ ከድሮ ጀምሮ በኖራ ነው የቆመው፤ ድንጋዩ የሚጠጣውን እርጥበት መልሶ የሚተፋው በኖራው ነው። ሲሚንቶ አፉን ዘጋበት።

«እዪው፣ እንደ መስታወት አድርገነዋል!» አለኝ እጁን እየጠራረገ።

«መስታወት ከሆነ ፊትህን እስቲ እይበት።»

«ምነው እህቴ? አድሱ አላችሁን፣ አደስን። አስረጁት ብትሉን ኖሮ መች ያቅተናል?»

«ሰው ዓይን ያለውን ነገር ሲፍቅ እጁ አይንቀጠቀጥም?»

እጁን መጥረጉን ተወ። ከዚያ «ተንቀጥቅጧል» አለኝ። «ወታደሩ ጋ ስደርስ ተንቀጥቅጧል። ግን አለቃ ነው ያዘዘው፣ ሥራውም ይቸኩላል። ለመጠየቅ ደውዬ ነበር፣ አላነሱም።»

አዝኜለት እንዳይመስልዎት። እኔም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበርኩ፤ እኔን ቢጠይቅ አይሞትም ነበር። ሴት ልጅ ጠይቆ ከሚማር ቅርስ ፍቆ የሚሳሳት ሰው ስንት አለ መሰልዎት! ፍርስራሹንስ የት እንዳደረገው ያውቃሉ? ደጁ ላይ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ነበር፤ እሱን ደልድሎበታል። ሰው ሁሉ የአያትዎን ፊት እየረገጠ ነው የሚገባው። በአካፋ ቆፈርኩት። ከደቀቀው መካከል ያገኘሁት የሚረባ ቁራጭ የዚያች ጫማ ተረከዝ ነው። ቡናማ ናት፣ ጎኗ የተበላ። ቅድመ አያቴ ተረከዙ እንኳ እንዴት እንዳለቀ አይተው ነው የሣሉት። ሚስታቸውን ምን ያህል ቢያዩአት ነው?

ፎቶ ሰብስቢ ብለዋል። ሰበሰብኩ። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ የጣቢያው የኳስ ቡድን፣ ሁሉም ከሥዕሉ ፊት ቆመው ተነስተዋል። በሁሉም ላይ አያትዎ ከሰው ትከሻ ጀርባ ናት። በአንዱ ብቻ ክርኗ ይታያል።

ልኩንም ልኬያለሁ። ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም። አስተዳደሩን መቼ እንደሚያነጋግሩም አልነገሩኝም። ቢሮ ያስጠሩኝ ስለ መስኮቶቹ መስታወት ሊጠይቁኝ ነበር፤ ስለ ግድግዳው ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሁሉም በሐዘኔታ ዓይን ነው የሚያየኝ፤ እንደ በሽተኛ። ለምን ይሆን?

መልስ እጠብቃለሁ።

ምላጭ

ጥር 30

ለወርቅ እጇ ለምላጬ፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ፣ ከሰላምታዬ የበለጠው ናፍቆቴ ይድረስሽ። ዘመንሽ ይለምልም፤ ጠላትሽ ከእግርሽ በታች ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ፤ ስብሰባው ስብሰባን እየወለደ ነው።

የላክሽውን ልክና ፎቶዎቹን አይቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። መላውም መጣልኝ። ምላጬ፣ ለምን አንቺ አትሥይውም?

ቆይ፣ ሳትጮሂ አንብቢ። ከዘሩ ሁሉ የሰውዬውን እጅ የወረስሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ትምህርቱም አለሽ፤ የድሮ ቀለም እንዴት እንደሚጠወልግ፣ ስንጥቅ ከየት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ። የአዳራሹ ምረቃ ከክረምት በፊት ነው። ያቺ አዳራሽ ዓመታት ተዘግታ ኖራለች፤ ወታደሩ በቀኝ ይተኛ በግራ የሚያስታውስ ማን አለ? «በጥንቃቄ ታድሷል» እንላለን። ማንም አይጎዳም። ጣቢያው ሥዕሉን ያገኛል፣ አንቺ ስምሽን ታገኛለሽ፣ እትዬም በደካማ ዓይኗ አያቷን ታያለች። ለሦስቱም ምርቃት ነው።

የሴትዮዋ ፊት ካስቸገረሽ የራስሽን ስጫት። ልጅ ሳለሽ ሁሉም «ቁርጥ እሷን» ይልሽ ነበር።

ቀለሙን ከምርጡ መርጬ በመንገደኛ ልኬልሻለሁ። ብሩሾቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጫፋቸውን እንዳታጣምሚ።

ስለ አስተዳደሩ አታስቢ። እሱ ጉዳይ አልቋል።

ጋሼሽ

የካቲት 14

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ቀለሙ ደርሷል። መክፈት አልነበረብኝም፤ ከፈትኩት። ጥሩ ቀለም ነው። ይህን ያህል ጥሩ ቀለም በእጄ ገብቶ አያውቅም። ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ወታደሩን በእርሳስ ሞከርኩት፤ መጣልኝ። ጸሐፊውን ሞከርኩት፤ እሱም መጣ። እጄ ሁሉንም ያስታውሳል። የምነግርዎ ምን ያህል እንደተፈተንኩ እንዲያውቁት ነው። ወደ ሴትዮዋ ስደርስ እርሳሱ የኔን ፊት ሠራ። በጣም ታምራለች። ደግሞም ውሸታም ናት። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ተመልካች በትክክል አስመስዬ የሣልኩትን አይቶ «እንዴት ያሉ እጆች ነበራቸው!» ብሎ ቅድመ አያቴን ቢያደንቅ፣ እኔ የት ልቆም ነው? ጎኑ ቆሜ «አዎ፣ ድንቅ ነበሩ» ልለው? የተሰረቀ ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ እንግዳ እንደ መቀበል ነው።

ይህን ልጽፍልዎ ተቀምጬ ሳለ ነው የጣቢያው አስተዳዳሪ ያስጠሩኝ። ጥሩ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ በሩን ዘጉ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ አንገትሽን መድፋት የለብሽም። አጎትሽ ሁሉን ነግረውናል።»

ጋሼ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በመጨረሻ ነገሯቸው ብዬ፣ በከንቱ ክፉ አሰብኩባቸው ብዬ፣ ፊቴ ሁሉ በራ።

«ምን አሉዎት?» አልኩ።

«ልጅ ናት፣ አፏ ቀድሟት ነው የተሳሳተች ትዕዛዝ ያስተላለፈችው፤ ስለኔ ሽበት ብላችሁ ማሩልኝ አሉን። በስልክ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ብትሰሚ! እንዲህ ያለ ዘመድ ማን አለው? እኛም ስለሳቸው ብለን ይቅር ብለናል። ይኸው ከጥቅምት ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገርንሽም።»

ከጥቅምት ጀምሮ።

እኔ በኅዳር ደብዳቤዎን እየጠበቅሁ፣ «አዝነው ይሆናል፣ ታመው ይሆናል» እያልኩ ለራሴ ስመሰክርልዎት፣ እርስዎ በኔ ስም ይቅርታ ጠይቀው ጨርሰዋል። ያ ሁሉ የሐዘኔታ ዓይን ምን እንደነበረ አሁን ገባኝ። ሰው ገፍቶ ጉድጓድ የሚጥል አይቻለሁ። ከጣለው በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «እባካችሁ አውጡልኝ» እያለ የሚያለቅስ ግን አላየሁም ነበር።

እውነት ነው? «አዎ» ወይም «አይደለም» ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ ቃል አልፈልግም።

ምላጭ

መጋቢት 29

ለምላጭ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ልብ ይስጥሽ።

አዎና አይደለም የሕፃን ጨዋታ ነው። የትልቅ ሰው ነገር ከሁለቱ መሃል ነው ያለው።

ያደረግሁት ላንቺ ብዬ ነው። የኔ ስም ቢወድቅ ብዙ ነገር ይዞ ይወድቃል፤ ያንን አዳራሽ የሰጡንም በኔ ስም ነው፣ አንቺም እዚያ የገባሽው በኔ ስም ነው። ያንቺ ስም ገና ከመሬት አልተነሳም፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ልጅ ያጠፋል፣ ይማራል፣ ይረሳለታል። ለሽማግሌ ማን ይረሳለታል? ይህን የማይረዳ ዘመድ ምን ዓይነት ዘመድ ነው?

ይቅር ተብለሻል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ለምረቃው እመጣለሁ፤ ንግግር እንዳደርግ ጠይቀውኛል። ግድግዳው ተሥሎ ይጠብቀኝ። በቀረው ጉዳይ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። ለእትዬ ሰላም በይልኝ፣ ምንም አትንገሪያት።

ጋሼሽ

ሚያዝያ 6

ለጋሼ፣

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅ። ይህን ከልቤ ነው የምመርቅዎ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤነኛ ሆነው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ለእትዬ ነገርኳት። መንገር እንኳ አልነበረም፤ እጇን ይዤ አዳራሹ ድረስ ወሰድኳት። ደጁ ላይ ጉድጓዱን ዞረን ገባን። አግዳሚ ወንበሮቹን በእግሯ እየነካካች ሄደችና ከግድግዳው ፊት ቆመች። ዓይኗ ደካማ ነው እንጂ ቦታውን አልሳተችም። መዳፏን ለጠፈችበት። ሲሚንቶው ማላብ ጀምሯል፤ እንደ ትኩሳተኛ ጀርባ ነው። መዳፏን አንስታ በቀሚሷ ጠረገች።

«የለችም» አለች።

«የለችም።»

«ማን ነው ያስነሳት?»

ወደ ወንበሩ ልወስዳት ሞከርኩ።

«ወንድሜ ነው?»

ክንዷን ያዝኩ።

«እሱስ ማንን ነው የሚለው?»

«እኔን።»

አልቅሳ ብትወድቅብኝ ብዬ ክንዷን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ነበር። ሳቀች እንጂ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሳቀች፤ ሳቁ ግን አፏን አጣመመው። «ልጅ ሆነን የአባታችንን የግድግዳ ሰዓት ፈቶ በተነው» አለችኝ። «ማን ፈታው ሲባል ‹እሷ ናት› አለ።»

«እሷ ማን ናት?»

«ያኔ እሷ እኔ ነበርኩ።»

«ተገረፍሽ?»

«አልተገረፍኩም። እሱ ለመነልኝ። አባቴ እግር ሥር ወድቆ ‹ማሯት› ብሎ አለቀሰልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ውለታውን እንዳነሳለት ይጠብቃል።»

ጋሼ፣ ይህ አመልዎ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል ለካ። እኔ አዲስ ነገር የደረሰብኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቶሎቶሎን ይዤ አስተዳዳሪው ዘንድ ገባሁ። እንዲመጣ ብዙ አልለመንኩትም። «ትናገራለህ ወይስ እኔ በአንተ ፊት ልናገር?» አልኩት። ኮፍያውን በሁለት እጁ እያጠማዘዘ ተናገረ። «ሥዕሉ ይነሳ፣ አንድም እንዳይቀር ያሉኝ አጎትየው ናቸው። በራሳቸው ድምፅ። እሷ አይደለችም። እሷ ስትደርስ ያለቀሰችው እኔንም አስለቅሶኛል» አለ። ማልቀሴን ባይጨምር ደስ ባለኝ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አሉት አስተዳዳሪው።

«ማን ጠየቀኝ ጌታዬ? ሁሉ ሰው ይቅር ይባባል ነበር።»

ሙሉ ነፃ ሆኜ ወጣሁ ብዬ አልዋሽዎትም። አስተዳዳሪው ግንባራቸውን አሻሽተው «እናስብበታለን» አሉ። የምረቃው መጥሪያ በርስዎ ስም ታትሟል፤ ሰው ደግሞ ከታተመ ነገር ጋር መጣላት አይወድም። ነገ ሥራዬን እንድለቅ ሊነግሩኝ ይችላሉ። እኔ ግን እስከዚያ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ሲሚንቶው ከታች ጀምሮ ማበጥ ይዟል፤ ያበጠውን በጥንቃቄ እያነሳሁ ነው። ድንጋዩ መተንፈስ አለበት። ከሥሩ ሥዕል አላገኝም፤ አውቃለሁ። ራቁት ግድግዳውን ለሚመጣው ሰው ሁሉ እንዳለ አሳየዋለሁ፤ የመፋቂያው ጭረት አብሮ ይታያል።

ከግድግዳው ፊት በመስታወት ሣጥን ያቺን የጫማ ተረከዝ አስቀምጬ፣ ከሥሯ በእጄ ጽፌያለሁ፦ «እዚህ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ሥዕል ነበር። ‹ይነሳ› ተብሎ ተነሳ።» አስተዳዳሪው መጥተው አነበቡት። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይሄ ነገር ይነሳ» አሉኝ።

«በፎቶ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ የሚስቁም የሚቆጡም መሰለኝ። አንዱንም ሳያደርጉ ወጡ። ጽሑፉ እንዳለ ነው። ለምረቃው ከመጡ ከፊቱ ቆመው ነው ንግግርዎን የሚያደርጉት።

ቀለሙን ባመጣው መንገደኛ መልሼ ልኬያለሁ። የብሩሾቹ ጫፍ አልተጣመመም።

ምን ትፈልጊያለሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለ መልስ አይታለፍም። ሥዕሉን ይመልሱልኝ አልልም፤ ማንም አይመልሰውም። ስህተትዎን እንኳ በቂም አልያዝኩትም፤ አንዲት ቃል ከአፍ ትወድቃለች፣ ሰው ነዎት። አንቱታዬንም አላነሳብዎትም። እሱን የሠራችው ያሳደገችኝ እትዬ ናት፤ በወጉ የተሠራ ነገር ደግሞ አላፈርስም።

ስሜ ግን ገና ከመሬት አልተነሳም ብለው የማንም እግር መጥረጊያ አያደርጉት። ስለኔ አይለምኑ። በኔ ምትክ አያልቅሱ። ሽበትዎን ለኔ መያዣ አያስይዙ። አንድ ቀን «እኔ ነኝ» የምትለዋን ቃል ከአፍዎ ማውጣት ሲችሉ ይጻፉልኝ፤ በሙሉ ሰላምታ እመልስልዎታለሁ። እስከዚያው ግን ለአስተዳደሩም፣ ለዘመድ አዝማዱም፣ ለርስዎም የምለው አንድ ነው፤ ባላጠፋሁት ጥፋት ከእንግዲህ ምሕረት አልቀበልም።

ምላጭ